የገና ዱላና የጠፉኝ ፊደላት

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ተነሥቶ ስለ ቆመና ስሙን ስለ ተናገረ ብቻ ደኅና ነው አትበሉ። እኔ ተነሥቼ ቆሜያለሁ፤ ስሜንም ተናግሬያለሁ፤ እንዲያውም ቀልድ ጣል አድርጌ ከሜዳው ዳር የቆሙትን አስቄያለሁ። ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን ግን ለጠላቴ አልመኝም። ያኔ ጠላት በአገሩ ሞልቶ ስለ ነበር ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም። የምጽፈው ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ከወይራ ቆልማማ ዱላ ለሚያበጁ ጎረምሶችና «ጨዋታ እኮ ነው» እያሉ ለሚመርቋቸው ሽማግሌዎች ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሞችንም ብዙ አልወድም።

ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነበር። አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ የጸሐፊነት ሥራዬን ትቼ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው የአባቴ መሬት ተመለስኩ። በልጅነቴ ዲማ ቅኔ ቆጥሬያለሁ፤ ኋላም ፈረንሳይኛ ተምሬያለሁ፤ ወደ መንደሩ የገባሁትም አንድ ሳጥን መጻሕፍት በበቅሎ አስጭኜ ነው። አርባውን አልፌ ነበር። ከካህናቱ ሌላ ፊደል የለየ እኔ ብቻ ስለ ነበርኩ፣ ከጣሊያን ሹም ጽሕፈት ቤት የሚመጣ ወረቀት ሁሉ መጀመሪያ የሚቆመው እኔ ደጅ ነው። ሌላ የምጠቅመው ነገር አልነበረም። እርሻ ላይ ሞፈሩ እንኳ ይታዘበኝ ነበር።

ከልደት በፊት ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰዎች ስለ ገና ጨዋታ ደንብ ሊነጋገሩ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተቀመጡ። ባለፈው ዓመት ጨዋታ የአንድ የታች ሰፈር ሰው ዓይን በዱላ ጫፍ ጠፍቶ ነበር። በአገራችን በሌላ ቀን ሰው ያቆሰለ፣ ቁስለኛውን እስኪድን ያስታምማል፤ እርሻውን ያርስለታል። በገና ቀን ግን ይህ የለም። በዚያ ሜዳ ላይ ባለርስቱ በጭሰኛው ዱላ ቢፈነከት ደሙን ጠርጎ ይስቃል እንጂ አይከስም። ልማዱ ይኸው ነው።

የደብሩ መሪጌታ፣ መሪጌታ ጥበቡ፣ ይህ ይቅር ብለው ተነሡ። «ዱላውን ከወገቡ በላይ ያነሣ ከሜዳ ይውጣ። የሰው ጭንቅላት የመታ ደግሞ እንደ ሌላው ቀን ያስታምም» አሉ።

ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ሲስማማ ሳይ ያመኛል። ይህ ደግሞ ከመመታቴ በፊት የነበረብኝ በሽታ ነው። ተነሣሁ።

«መሪጌታ፣ ጣሊያን ስለ ጠመንጃችን ሕግ አወጣ። ስለ ገበያችን ሕግ አወጣ። ከሰፈር ሰፈር ስለ መሄዳችን ሕግ አወጣ። ሕግ ያልደረሰበት አንድ ቀንና አንድ ሜዳ ቀርቶልናል። እሱን ደግሞ እኛው በገዛ እጃችን እንጠረው? ዱላ የሚፈራ ከሴቶች ጋር ቆሞ ያጨብጭብ!»

ሰዉ በሳቅ አወካ። የላይ ሰፈሩ ሽማግሌ ባላምባራስ እንግዳ በትራቸውን መሬት መትተው «ተናገረ!» አሉ። መሪጌታ ብቻ አልሳቁም።

«አንደበትህ ጠንካራ ነው፤ ይህን አይተናል» አሉኝ። «ጭንቅላትህን ግን ገና አላየነውም።»

ክርክሩን ረታሁ። ደንቡ ሳይለወጥ ቀረ።

ያን የመሰለ ንግግር ያደረገ ሰው በልደት ዕለት ከዳር ቆሞ ማየት አይችልም። ነጠላዬን አደግድጌ ከላይ ሰፈር ጋር ገባሁ። በታች ሰፈር በኩል ቢተው ነበር፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት አበልጄ፣ ጠንካራ ገበሬ፣ ነገረ ሥራው ሁሉ ልስልስ የሆነ ሰው። ከእንጨት ሥር የተጠረበችው የገና ኳስ፣ ሩር፣ ከሰው እግር መካከል ተፈናጥራ ወጣች። እኔ ጎንበስ አልኩ። እሱ ሊለጋት ዱላውን ከትከሻው በላይ አነሣ። ሩሯን አላገኛትም። ያገኘው ከግራ ጆሮዬ በላይ ያለውን ነው።

ቅል ሲሰነጠቅ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ሕመም አልተሰማኝም። «ማን ይሆን የተመታው?» ብዬ ማሰቤን አስታውሳለሁ። ቀጥሎ የማስታውሰው ሰማይና ብዙ ፊት ነው። ስሜን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «ሩሯስ ተረፈች?» አልኩ። ሳቁ፤ ጨዋታውም ቀጠለ። ቢተው ዱላውን ይዞ እንደ ቆመ ነበር። ይቅርታ ለማለት አፉን ከፈተና ዘጋው።

እቤቴ በእግሬ ገባሁ። ደጃፉ ላይ አስመለሰኝ። ባለቤቴን ጥሩወርቅን «አባባ ከእርሻ አልተመለሰም?» አልኳት። አባቴ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እሷም ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

መጀመሪያ ምች ነው ተባለ። ላብ ላይ ሳለ ነፋስ መትቶታል ብለው ዳማከሴ ጨምቀው በአፍንጫዬ አንጠባጠቡ፤ ግንባሬንም ቀቡኝ። ሽታው መልካም ነው፤ ሌላ ጥቅም አላየሁበትም። ቀጥሎ ደሙ ቋጥሯል ተባለና ዋግምት የሚያደርግ ሰው ተጠራ። ማጅራቴን በምላጭ በጣጥቶ በቀንድ መጠጠኝ። ወደ ውስጥ የፈሰሰ ደም ካለብኝ ወደ ውጭም እንዲፈስ ማድረግ ምን ዓይነት ፍትሕ እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። ሦስተኛው ደግሞ ከሩቅ የመጣ ዐዋቂ ነው። የመጻሕፍት ሳጥኔን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «የፈረንጅ ቋንቋ ከልሳኑ ጋር ተጣልቶ ነው፤ ሳጥኑ ከቤት ይውጣ» አለ። ጥሩወርቅ ሳጥኑን ማታውኑ ወደ ጎተራው ወሰደችው። አልተቃወምኩም። ያን ጊዜ ነው የእውነት የፈራችው፤ እኔ ሳልቃወም ስቀር።

ፍርሃት ከጨለማ ጋር ይመጣል ይላሉ። የእኔ የሚመጣው በጠራራ ፀሐይ ነበር። ብርሃን በዓይኔ ገብቶ ከኋላ ጭንቅላቴ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። በግራ ጆሮዬ ውስጥ የማያቆም ጩኸት አለ። ከሁሉ የከፋው ግን የነገር ስም ነው። ሞፈር እያየሁ ሞፈር ማለት ያቅተኛል። «ያ... በሬው የሚጎትተው» እላለሁ። ጠዋት ስነቃ ከመደብ ሳልነሣ ቆጠራ እጀምራለሁ፤ የልጆቼን ስም፣ የወራቱን ስም፣ የቤቱን ዕቃ ሁሉ። አንዱ ከጎደለ እስኪመጣ ድረስ አፌን አልከፍትም። ቤተሰቡ ጨዋ ሆነ፣ ዝም አለ እያለ ያመሰግነኝ ነበር።

ቢተው አልመጣም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር። ጥሩወርቅ ከሚስቱ ጋር ምንጭ ላይ ስትገናኝ ፊቷን ማዞር ጀመረች። «ክርስትና ያነሡለት ሰው እንዴት ነዎት እንኳ አይልም?» ትለኛለች።

«በገና የተመታ አይጠየቅም» አልኳት። «ቢመጣ አጠፋሁ ማለት ነው። አጠፋሁ ካለ ልማዱ ፈረሰ።»

«ማን ነው ይህን ልማድ ያጸናው?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። በዚህ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ክርክር ተረታሁ፤ ያውም በጥያቄ። ቅጣት ይቅር ብዬ ስናገር ይቅርታንም አብሬ እንዳስቀረሁት የገባኝ ያን ዕለት ነው። ቅጣት ያለበት ሰው ቀጥታ ወደ ደጅህ የሚመጣበት መንገድ አለው። ጥፋት የለብህም የተባለ ግን በየት በኩል ይምጣ?

በስድስተኛው ሳምንት ማስታወክ ተወኝ፤ ስሞቹም አብዛኞቹ ተመለሱ። መሪጌታ ጥበቡ ጥቂት ሰው አስከትለው ሊጠይቁኝ መጡና የጸሎት መጽሐፌን ከተሰቀለበት አውርደው ጉልበቴ ላይ አኖሩት። «እስቲ ድምፅህን እንስማ።» ከፈትኩት። ገጹ ላይ ያለው ነገር ተርመሰመሰብኝ። ቃሉ ግን ሳልጠራው ከአፌ ወጣ፤ አንድ ጸሎት፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። «አነበበ! ዳነ!» ተባለ፤ እልልታው ቀለጠ። እኔም ዳንኩ ብዬ አመንኩ። ያን መጽሐፍ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በቃሌ እንደያዝኩት ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም። በአገራችን ትምህርት በቃል መያዝና ማንበብ መንታ ሆነው ያድጋሉ። አንዱ ሲሞት ሌላው ልብሱን ለብሶ ይወጣል፤ ቤተሰብም አይለየውም።

የለየው የጣሊያን ወረቀት ነው። መጋቢት ውስጥ ባላምባራስ እንግዳ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘው መጡ። «እስቲ ምን ይላል ልጄ፤ እነዚህ ሰዎች ያለ ነገር ማኅተም አያደርጉም።» ወረቀቱን ዘረጋሁት። ማኅተሙን ዐወቅኩት። ጽሑፉ አማርኛ መሆኑንም ዐወቅኩ። እያንዳንዱን ፊደል አየዋለሁ፤ የት እንዳየሁትም አውቃለሁ፤ ስሙን ግን መጥራት አልችልም። ገበያ መሐል የቆምኩ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝና እኔ ማንንም የማላውቅ ሰው ሆንኩ።

«የግብር ማስታወቂያ ነው» አልኩ። «ለሰኔ ነው፤ አያስቸኩልም። እኔው ጋ ይቀመጥ።»

«ተመስገን» ብለው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

በዕድሜዬ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ጸሐፊ ነበርኩና። እንዲህ ያለ ውሸት ግን ዋሽቼ አላውቅም። ምሳ አልበላሁ፤ ከመደብ አልተነሣሁ። ወረቀቱ እስር ቢሆንስ? ጥሪ ቢሆንስ? በዚያ ዘመን ሰው በወረቀት ይሰቀል ነበር። ፀሐይ ልትገባ ስትል አላስችል አለኝ፤ ብድግ ብዬ ወደ መሪጌታ ሄድኩ። ወረቀቱን ሰጥቻቸው መሬት መሬት አየሁ።

«ያንብቡልኝ። እኔ ማንበብ አልችልም።»

«ዓይንህን ነው?»

«ዓይኔ ደኅና ነው። ፊደሉ ጠፍቶኛል።»

መሪጌታ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው አነበቡ። ባላምባራስ እንግዳ በነገው ዕለት ደብረ ማርቆስ ካለው ጽሕፈት ቤት ይቅረብ፤ ባይቀርብ እንደ ሽፍታ ይቆጠራል ይላል።

ሮጥን። አንድ አዛውንት መሪጌታና አንድ ራሱ የሚዞርበት ሰው በማሳ መካከል ሲሮጡ ላየ ሰው ያስቅ ይሆናል። ባላምባራስ ያንኑ ምሽት በቅሏቸውን ጭነው ወጡ። በሦስተኛው ቀን በደኅና ተመለሱ፤ የተፈለጉት በቅሎና ፈረሳቸውን ለማስመዝገብ ብቻ ኖሯል። እቤቴ ድረስ መጥተው ከበራፉ ቆመው፣ «አንተ ሰው፣ በአፍህ ልትሰቅለኝ ነበር!» አሉኝ። ከዚያ ሳቁና ገብተው ተቀመጡ።

ደብረ ማርቆስ ያለው የጣሊያን ሕክምና እስከዚያ ድረስ በቤታችን ስሙ አይነሣም ነበር። ምክንያቱ ኩራት ብቻ አይደለም። ጭንቅላቱ ላይ ጠባሳ ያለው የጎጃም ወንድ ጣሊያን ፊት ከቆመ፣ «የት ስትዋጋ ነው?» መባሉ አይቀርም። አሁን ግን ጥሩወርቅ መቀነቷን አጠበቀች። «እኔም እሄዳለሁ። እርስዎ እንዳለፈው ጊዜ ንግግር እንዳያደርጉ» አለችኝ።

ወረፋው ከቆርቆሮው ቤት ግድግዳ ሥር ነበር። ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጥን። ከጎናችን እጁን በጋቢ የጠቀለለ አንድ ሰው ነበር፤ ወታደሮች ወደ እኛ ሲመጡ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ሽንት ቤት እንደሚሄድ ሰው አካሄዱን አሳመረ፣ አልተመለሰም። ሁላችንም ቦታውን እያየን፣ እንዳላየን ሆንን። ሳል የያዛት አንዲት ሴት ደግሞ ብርሃኑ እንደሚያሳምመኝ ከፊቴ አይታ የተቀመጠችበትን ጥላ ለቀቀችልኝና እሷ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ስሟን አልጠየቅኳትም። ያን ጥላ ግን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑ የደከመ። አስተርጓሚው ከአሥመራ የመጣ ነው፤ አማርኛው ጥሩ ነው፤ እኔ ግን የባሰ ሥራ ፈጠርኩበት።

«ምን ሆነህ ነው?»

«በገና ተመታሁ።»

አስተርጓሚው ግንባሩን ቋጠረ። ከዚያ ጣቶቹን በአየር ላይ እየደረደረ ለሐኪሙ አስረዳው። ሐኪሙ ፈገግ አለ። ለካ የመሰለው አውታር ያለው፣ የሚደረደረው በገና ኖሯል። ሙዚቃ ያሳበደው ሰው ሆኜ ቀረብኩ።

«በገና አይደለም» አልኩ። «በ... ገና! ገና መታኝ!»

«ገና አሁን ከመታህ ደሙ የታለ?» አለ አስተርጓሚው ተቆጥቶ።

«ዱላ ነው። በዱላ ነው የመቱኝ።»

ይህን ተረዳው፤ እንዳይረዳው በተመኘሁበት ሰዓት። በሩ ላይ የቆመው ወታደር ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ። «ማን መታህ? የት? ከማን ጋር ስትዋጋ?» የሚያስፈልገኝ ቃል ጨዋታ የሚለው ነው፤ እሱ ደግሞ ያን ጠዋት ቆጠራዬ ላይ አልመጣም ነበር። ወታደሩን አየሁ፤ ሐኪሙን አየሁ፤ ቃሉ የለም።

ጥሩወርቅ ተነሣች። የወታደሩን ፊት ሳታይ የመንገድ በትሯን ገለበጠች፤ ከደጃፉ ጠጠር አንሥታ ወለሉ ላይ ጣለችው፤ ነጠላዋን አደገደገችና ጎንበስ ብላ ለጋችው። ጠጠሩ የሐኪሙን ጠረጴዛ እግር መታ። «ይኸው እንዲህ!» አለች። «ሰው እንደ ሰው እየተጫወተ!» ከዚያም እኔን እያሳየች፣ በትሯን ወደ ጭንቅላቴ አስጠጋች። ሐኪሙ ሳቀ። የልብ ሳቅ ነበር። ወታደሩም ወደ በሩ ተመለሰ።

ሐኪሙ ጣቱን በዓይኔ ፊት አመላለሰ፤ በአንድ እግሬ አቆመኝ፤ ወረቀት ላይ የተጻፈ አሳየኝ፤ አላነበብኩትም። ከዚያ ተናገረ። አስተርጓሚው፣ «አጥንትህ አልተሰበረም። አንጎልህ ነው የተናወጠው። ቅል ውስጥ እንዳለ ወተት ተንጠሃል» አለኝ። መድኃኒቱ ዕረፍት ነው፤ ጥላ፣ ዝምታ፣ በቅሎ አለመጋለብ፣ መጽሐፍ አለመንካት።

«ፊደሉ ይመለሳል?»

ተነጋገሩ። «ይመለስ አይመለስ አላውቅም ይላል። ሁለተኛ ከተመታህ ግን ወደ እኔ አትምጣ፤ ወደ ቄስ ሂድ ይላል።»

ልንወጣ ስንል ሐኪሙ ሌላ ነገር ጠየቀ፤ የመታህ ሰው ምን ተቀጣ አለ። ምንም አልኩት። ተገረመ። በእነሱ አገር ኳስ ሲጫወቱ ሰው የጎዳ በዳኛ ከሜዳ ይወጣል፤ ቡድኑም በጎደለ ሰው ይጫወታል አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ፤ መንገዱን ሙሉ ተናደድኩ። በመርዝ ጢስ መንደር ያቃጠለ መንግሥት ሰው፣ በሜዳ ላይ ሰው መጉዳት ነውር መሆኑን አስተማረኝ። ከዚህ የሚበልጠው ንዴቴ ግን ትክክል መናገሩ ነው።

ለሚጠቅመው ሰው ልንገር፦ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ካስታወከ፣ የሞተ ሰው ከጠራ፣ ብርሃን ከሸሸ፣ በጥላ አስተኙት፤ ማጅራቱን አትብጡት። ብዙም አትጠይቁት። ዳነ ብላችሁ እልል ከማለታችሁ በፊት ደግሞ የማያውቀውን ነገር አስነብቡት።

ግንቦት ገባ። የሰው ሁሉ ማሳ ሁለት ጊዜ ታርሷል፤ የእኔ ጠፍ ሆኖ ቀረ። ፀሐይ ላይ ጎንበስ ካልኩ እወድቃለሁ። ዘር ሳይዘራ ክረምቱ ካለፈ ቤቴ ምን እንደሚሆን ማስላት አያስፈልግም ነበር። መሪጌታ ሰዉን እንደገና በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሰበሰቡና ያንኑ ደንብ አነሡ። እኔ ዛፍ ጥላ ሥር ዓይኔን በነጠላ ሸፍኜ ተቀመጥኩ።

«ይህ እኮ የጣሊያን ሐሳብ ነው» አሉ ባላምባራስ እንግዳ። «ሐኪሙ ምን እንዳለው ሰምተናል። ደግሞ ይኸው ሰው ራሱ አይደለም ወይ ያፈረሰው?»

«እኔ የተናገርኩት እሱ ጣሊያን ፊት ከመቆሙ በፊት ነው» አሉ መሪጌታ። «ጣሊያን ውሃ ይጠጣል ብለን ውሃ እንተው?»

ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። ምን ልበል? ያን ዕለት ያልኩትን ቃል በቃል አላስታውስም ነበር፤ ሌሎች ናቸው የነገሩኝ። «ተሳስቼ ነበር» ማለት ለእኔ ከዋግምት ይብሳል። አፌን ሳልከፍት ከታች ሰፈር ሰዎች መካከል ቢተው ተነሣ። ከስቷል።

«ቅጡኝ» አለ።

ሰዉ ከእኔ ወደ እሱ ዞረ።

«በማርያም ቅጡኝ። አምስት ወር የአበልጄን ደጅ አልረገጥኩም። ልሂድ ስል ልማድ ልታፈርስ ነው ይሉኛል። ልቅር ስል እንቅልፍ የለኝም። እሱ እንኳ ተመትቶ ተኝቷል፤ እኔ ምን ብዬ ልተኛ? ደንብ አውጡና የምገባበት በር ስጡኝ!»

ባላምባራስ በትራቸውን አገላበጡ። «እንግዲህ ተመቺው ሲለምን ሰምቻለሁ፤ መቺ ሲለምን ግን ዛሬ ገና መስማቴ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። ደንቡ ጸደቀ፤ ቢተውም በገዛ ፈቃዱ ደንቡ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲይዘው ሆነ። እስክድን ማሳዬን ያርሳል። የመዳኔ ምልክት ምን ይሁን ሲባል፣ መሪጌታ «ያንብብ» አሉ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ የጅራፍ ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ ቢተው በማሳዬ ላይ ሁለተኛውን ትልም ይዟል። «አበልጅ፣ እንዴት አደሩ?» አለኝ፤ ከአምስት ወር በኋላ። ጥሩወርቅ ምንም ሳትለኝ ቁርስ ይዛለት ወረደች።

ፊደሎቹ በሰኔ መመለስ ጀመሩ፤ ያለ ሥርዓት። ሀ ሳይመጣ፣ በሕይወቴ አሥር ጊዜ ያልጻፍኳት ጰ ቀድማ መጣች። ለየብቻ ሆነው ዐወቅኳቸው፤ ተሰልፈው ሲቆሙ ግን ይበተኑብኛል። በቀን ጥቂት ጥቂት፣ በጥላ ውስጥ፣ በአመድ ላይ በእንጨት እጽፍ ነበር። ለማንም አልነገርኩም። ተስፋ አድርጌ ብወድቅ ሁለተኛ የምነሣ አልመሰለኝም።

የመጨረሻው እርሻ ዕለት መሪጌታ ብጣሽ ብራና ይዘው ወደ ማሳው መጡ። ባላምባራስም አብረዋቸው አሉ። ጥሩወርቅ ለአራሹ ምሳ አቅርባ ከድንበሩ ዳር ቆማለች። ቢተው በሬዎቹን አቁሞ የማረሻውን እርፍ እንደያዘ ይጠብቃል።

«ደንቡን ጻፍኩት» አሉ መሪጌታ። «ይህን በቃሉ የያዘ ማንም የለም፤ እኔም ጭምር። እስቲ።»

ብራናውን ተቀበልኩ። ፊደሎቹ ተርመሰመሱ፤ ጠበቅኳቸው፤ አንድ በአንድ ቆሙ። «በ... ገና... ጨዋታ... ዱላውን ከወገቡ... በላይ ያነሣ... ከሜዳ ይውጣ።» ጣቴን ወደ ሁለተኛው መስመር አወረድኩ። «ራሱን... የመታም... እስኪድን... ያስታምም።»

እዚህ ላይ ቆምኩ። አንድ ነገር ጎረበጠኝ። ተመልሼ አየሁት።

«መሪጌታ፣ የማንን ራስ?»

«እንዴት የማንን?»

«ራሱን የመታ ይላል። እንዲህ ከተጻፈ የሚቀጣው የገዛ ራሱን የመታ ሰው ነው። ቢተው እኔን ነው እንጂ ራሱን አልመታም።»

መሪጌታ ብራናውን ነጥቀው አዩት። የስንቱን ተማሪ ቅኔ ያረሙት ሰው ፊታቸው ቀላ። «‹ጓደኛውን› የምትለዋ ቀርታ ነው...»

«እንግዲያው በሬዎቹን ልፍታቸው?» አለ ቢተው። «አምስት ትልም ሲቀረኝ ነፃ ወጣሁ!» ባላምባራስ እንግዳ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ጥሩወርቅ አልሳቀችም። ትልሙ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ምነው?»

«ያን ቀን በጸሎት መጽሐፉ ጊዜ፣ ሦስት ጸሎት ሲሉ አንድም ቅጠል አልገለጡም» አለችኝ በዝግታ። «ዓይንዎ አንድ ቦታ ቆሞ ነበር። እኔ ፊደል አላውቅም፤ የእርስዎን ዓይን ግን አውቃለሁ። ዛሬ ወደ ኋላ ሲመለስ አየሁት።»

«ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼ ነዋ። እስቲ አንዴ ይድገሙት።»

ብራናውን ከመሪጌታ እጅ ተቀብዬ ከመጀመሪያው ደገምኩት። ስሕተቱ እዚያው ነበር።